የአይጥ ዓመት እንቆቅልሽ

ኡትሬክት፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1983

ለተከበርሽው እህቴ ለሚዮኮ፣

በሂሚ ወደብ የመጸው ነፋስ መንፈስ በጀመረበት በዚህ ወቅት አንቺም፣ ባለቤትሽም፣ ከሁሉም በላይ አባትሽ፣ አጎቴ ኪቺታሮ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታዬ በዚህ ይብቃና፣ በዚህ ዓመት ከአንቺ የደረሱኝን ደብዳቤዎች በተጻፉበት ቀን ቅደም ተከተል እዘረዝራለሁ።

ጁን 11፦ አባትሽ በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ሆስፒታል መግባታቸውንና በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚወጡ ጻፍሽልኝ።

ጁላይ 9፦ ቀዶ ሕክምና መደረጉን፣ የተደረገውም «ለጥንቃቄ ያህል ብቻ» መሆኑን ጻፍሽልኝ።

ኦገስት 20፦ ደህና መሆናቸውን፣ ነገር ግን ሙቀቱ እስኪበርድ ሆስፒታል ቢቆዩ እንደሚሻል ጻፍሽልኝ።

ሴፕቴምበር 24፦ ደህና መሆናቸውን፣ ነገር ግን ብርዱ እስኪያልፍ ሆስፒታል ቢቆዩ እንደሚሻል ጻፍሽልኝ።

አንድ ሰው በሙቀትም በብርድም ምክንያት ከሆስፒታል የማይወጣ ከሆነ፣ «ደህና» የሚለውን ቃል በምን ትርጉም እንደምትጠቀሚበት ልታስረጂኝ ይገባል። እኔ ከእነዚህ አራት ደብዳቤዎች የሚስማማ አንድ ታሪክ ማውጣት አልቻልኩም። ሞክሬአለሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ፣ ከመጨረሻው ደብዳቤሽ ጋር በአጎቴ እጅ የተጻፈ እንቆቅልሽ መጥቷል። ለከተማው ጋዜጣ ከመስጠታቸው በፊት እንደ ወትሮው እንድመረምርላቸው ጠይቀዋል። አጎቴ ከማስተማር ሥራ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሚጽፏቸው እንቆቅልሾች ሰዎቻቸው ሁልጊዜ ከሁለት መንደር ናቸው። አንደኛው መንደር ዘወትር እውነት የሚናገሩ፣ ሌላው ዘወትር የሚዋሹ ሰዎች ይኖሩበታል። እስከ ዛሬ ተናጋሪዎቹ ዓሣ አጥማጆች፣ መነኮሳት፣ አንድ ጊዜም ቀረጥ ሰብሳቢዎች ነበሩ። ዘንድሮ የላኩት ግን እንዲህ ይላል፦

«አንድ ሰው ታሞ ተኝቷል። ሐኪሙ ‹በሽታህ ቀላል ነው› ይለዋል። የሕመምተኛው ሴት ልጅ ‹ሐኪሙ ከእውነተኞች መንደር ነው› ትላለች። ሕመምተኛው ምን ሊያውቅ ይችላል?»

መልሱ ቀላል ነው። ልጅቱ እውነተኛ ከሆነች ሐኪሙም እውነተኛ ነው፤ ውሸታም ከሆነች ሐኪሙም ውሸታም ነው። ስለዚህ ሁለቱ ከአንድ መንደር ናቸው። የትኛው መንደር እንደሆነ ግን አይታወቅም። እኔን ያስጨነቀኝ መልሱ አይደለም፤ ሐኪምና ሴት ልጅ በአጎቴ መንደሮች ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ነው።

በቀጥታ እጠይቅሻለሁ፦ አጎቴ የታመሙት ምንድን ነው? እባክሽ በቀጥታ መልሺልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ሹንሳኩ

ሳልረሳው፦ አጎቴ በአዲስ ዓመት ካርዳቸው ላይ የሚያሳትሙት እንቆቅልሽ በየዓመቱ በዚህ ጊዜ እጄ ይገባ ነበር። ዘንድሮ አልደረሰኝም። እየጠበቅኩ ነው በይልኝ።

———

ሂሚ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1983

ለወንድሜ ለሹንሳኩ፣

ሰላምታህን በምስጋና ተቀብያለሁ፤ እኛም እንደ አቅማችን ሰንብተናል። ከሰላምታው በታች ያለውን ግን ሳነብ ፖሊስ ጣቢያ የቀረብኩ መሰለኝ። የገዛ እህትህን ደብዳቤ በቀን ደርድሮ መፋጠጥ! እዚያ አገር ይህን ነው የሚያስተምሩት?

በቀጥታ ጠይቀሃልና በቀጥታ እመልሳለሁ። ካንሰር ነው። ጁላይ ላይ ዶክተር ቶቢታ ሆዳቸውን ከፍተው አዩትና መልሰው ዘጉት። እኔንና ባለቤቴን ቢሯቸው አስጠርተው በሩን ገጠም አደረጉ፤ ከዚያ በገዛ እጃቸው ሻይ ቀዱልን። ሐኪም በእጁ ሻይ ሲቀዳልኝ ነገሩ ያለቀለት መሆኑ ያኔውኑ ገባኝ። «ዓመቱን የሚጨርሱ አይመስለኝም» አሉ። ቀጥለውም «ለእሳቸው ቁስለት ነው ብያለሁ፤ እርስዎም እንደዚያው ይበሉ» አሉኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ። ሌላ ምን ይባላል? እዚህ ማን ነው ለሕመምተኛው የሚነግረው? ለቤተሰብ ይነገራል፣ ቤተሰብ ይሸከመዋል፤ አንተ እስክትሄድ ድረስም እንዲሁ ነበር።

እናቴን ታስታውሳለህ። አንዲት አፏ የማያርፍ ጎረቤት የበሽታዋን ስም የነገረቻት ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ማንኪያ አጥሚት አልወሰደችም። አባባ እንደዚያ ሲዞሩ ማየት አልችልም። ይህንን ከተረዳህልኝ ሌላው ሁሉ ይቅር።

አባባ ደግሞ ሊገድሉኝ ነው። እንደ ሰው ቢጠይቁ መልካም ነበር! ትናንት ነርሷ ሙቀታቸውን ልትለካ ገባች፦

«ልጄ፣ ዶክተሩን ‹ሽማግሌው ይድናሉ ወይ?› ብዬ ብጠይቃቸው ምን የሚሉኝ ይመስልሻል?»

«ይድናሉ ነዋ የሚሉት፣ መምህር!»

«እድናለሁ ወይ አላልኩሽም። ምን ይሉኛል ነው ያልኩሽ።»

«ያው እኮ ነው!»

«ያው አይደለም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሚዮኮ፣ ያው ነው እንዴ?»

«አባባ፣ አጥሚቱ እየቀዘቀዘ ነው» አልኳቸው።

«አየሽልኝ?» አሏት ነርሷን። «ይህቺ ደግሞ ለራሷ ሦስተኛ መንደር ቆርቁራለች። የአጥሚት መንደር።»

ነርሷ ሳቋ አምልጧት የሙቀት መለኪያውን ልትጥለው ነበር። እኔ አልሳቅኩም። እንዲህ ያለ ምርመራ በቀን ሦስቴ ከምግብ በኋላ ነው፣ እንደ መድኃኒት።

አሁን የምለምንህን ስማ። አባባ የሚያምኑት አንተን ብቻ ነው። «ሹንሳኩ በአምስት ዓመቱ የአክስቱን ሾርባ እንግዳ ፊት ጨው በዝቶበታል ያለ ልጅ ነው፤ እሱ አይዋሽም» ይላሉ። ስለዚህ በእጅህ ሁለት መስመር ጻፍላቸው፦ «ሚዮኮ ሁሉንም ነግራኛለች፤ ቁስለት ነው።» ይኸው ነው። ሌላ አልጠይቅህም።

እንዳትመጣ። ለጨጓራ ቁስለት ብሎ ከአውሮፓ ድረስ የሚመጣ የእህት ልጅ የለም፤ በሩ ላይ ሲያዩህ ያውቃሉ። ስለ አዲስ ዓመት ካርዱም አታንሣ።

እህትህ ሚዮኮ

———

ኡትሬክት፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1983

ለተከበርሽው እህቴ ለሚዮኮ፣

ያለሽበት ሁኔታ እጅግ ከባድ በመሆኑ ሰላምታዬን የማቀርበው በአክብሮትና በሐዘን ነው። እውነቱን ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ለመመለስ ተቀምጬ ነበር፤ አልቻልኩም። አጎቴ ለእኔ ምን እንደሆኑ ስለምታውቂ አልጽፈውም።

የጠየቅሽኝን አላደርግም። ይህን ያልኩት ከአንቺ የተሻልኩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም፤ ምክንያቴን ላስረዳ። በአጎቴ እንቆቅልሽ ውስጥ ያለው ውሸታም እምነት የሚጣልበት ፍጡር ነው። ሁልጊዜ ይዋሻል፤ ስለዚህ የሚልሽን ገልብጠሽ መንገድሽን ታገኛለሽ። የሚያስቸግረው አንዳንዴ የሚዋሽ ሰው ነው። ሰው ስለሚወድ የሚዋሽ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ መቼ እንደሚዋሽ ራሱም ቀድሞ አያውቅም። አጎቴን ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች መካከል አስተኝታችኋቸዋል። አሁን እኔንም ጨምሪበት ትዪኛለሽ። ከሁሉም የቀራቸው አንድ ውሸት የሌለበት በር እኔ ከሆንኩ፣ ያንን በር አልዘጋባቸውም።

ለአጎቴ የጻፍኩትን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ፖስታው አልታሸገም፤ አንብቢው። የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ «የእንቆቅልሽዎ መልስ፦ ሁለቱ ከአንድ መንደር ናቸው። ከየትኛው መንደር እንደሆኑ ከንግግራቸው ብቻ ማወቅ አይቻልም።» አንድ ቃል አልጨምርበትም፤ አንድ ቃልም አልቀንስለትም። ስለ በሽታው ካልጠየቁኝ አልናገርም። በቀጥታ ከጠየቁኝ ግን በቀጥታ እመልሳለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ኋላ ከዳኸኝ እንዳትዪኝ ነው።

እናትሽን አስታውሳለሁ። ነገር ግን እህት ዓለም፣ ለእናትሽ የነገረቻት ጎረቤት ናት። እኛ ብንነግራት ኖሮ ፊቷን ወደማን ታዞር እንደነበር አናውቅም፤ አልሞከርነውም።

አንድ ነገር ይቀረኛል። «ስለ ካርዱ አታንሣ» ያልሽበትን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። አታሚው አቶ ካናሞሪ ኖቬምበር ሲገባ መጪው ዓመት በስሙ የሚጠራበት እንስሳ የተሣለበትን የካርድ ናሙና አልበማቸውን ይዘው ሳይመጡ የቀሩበት ዓመት አላውቅም። ምን ብለሻቸው ነው? የምትናገሪው አይደለም የሚያሳስበኝ፤ አጎቴ ወሬ ብቻ የሚሰሙ ሰው አይደሉም፤ የሚደረገውንና ሳይደረግ የሚቀረውንም ያያሉ።

ሹንሳኩ

———

ሂሚ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 1983

ለአመክንዮ ሊቁ ወንድሜ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። እዚህ የመጀመሪያው የክረምት ነጎድጓድ ተሰምቷል፤ ቡሪ ዓሣው ወደ ወደቡ መግባት ጀምሯል። ደብዳቤህን አንብቤ ለመመለስ የዘገየሁት ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ስለቀደድኩት ነው። አንተ እዚያ ኡትሬክት ቦይ ዳር ተቀምጠህ በር ስለመዝጋትና ስለመክፈት ትጽፋለህ። እኔ በየቀኑ በዚያ በር እገባለሁ። ጌታው፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ወረቀትህን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ከዚያ እንደገና አነበቡት። «ከንግግራቸው ብቻ» አሉ። «ብቻ። ጎበዝ ልጅ።» አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ስለ በሽታው እንድጽፍልህ አላዘዙኝም።

ስለ ካርዱ ጠይቀሃልና ይኸውልህ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ለአቶ ካናሞሪ ደውዬ «ዘንድሮ አልበሙን ይዘው አይምጡ» አልኳቸው። ምን ላድርግ? ዓመቱን አይጨርሱም ተብያለሁ። ሐዘን ያለበት ቤት የአዲስ ዓመት ካርድ አይልክም፤ ሦስት መቶ ካርድ አሳትሜ የት ልከምረው ነው? አስቤበት እንኳ አልነበረም፤ የክረምት ልብስ ከሣጥን እንደማውጣት ያህል ነው እጄ የሠራው። አቶ ካናሞሪም ለምን አላሉኝም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ገብቶኛል፣ እመቤት» አሉ። ከዚህ በላይ ጨዋነት የለም። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ባለፈው እሑድ ሰውዬው ፖም ይዘው አባባን ሊጠይቁ መጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለ ማዕበሉ አወሩ። ስለ ቡሪው ዋጋ አወሩ። ስለ ልጃቸው መንጃ ፈቃድ አወሩ። አባባ ሲያዳምጡ ቆዩና፦

«ካናሞሪ፣ የሚመጣው የማን ዓመት ነው?»

«የአይጥ፣ መምህር።»

«ዘንድሮ አይጦቹ አያምሩም እንዴ?»

«ያምራሉ... ጥሩ ናቸው።» ፖሙን ማየት ጀመሩ።

«ስንት ዓይነት አወጣህ?»

«አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት ዓይነት አይጥ ይዘህ አንዱን እንኳ ሳታሳየኝ ልትሄድ ነው?»

አቶ ካናሞሪ ወደ እኔ አዩ። እንደዚያ ባያዩኝ ምን ነበረበት! ከዚያ «አልበሙን... መኪና ውስጥ ረስቼው ነው» አሉ። በብስክሌት ነበር የመጡት፤ ሱሪያቸው ላይ የታሰረው የብስክሌት ማሰሪያ እንኳ ገና አልተፈታም።

ሰውዬው ሄዱ። 

«ምስኪን» አሉ አባባ። «ውሸት አያምርበትም። ዕድሜ ልኩን የሰው ቃል ሲያትም ኖሮ የራሱ የለውም።»

«አባባ፣ ደክሞዎታል፣ ይተኙ» አልኩ።

«አንቺ ግን ጎበዝ ነሽ፣ ሚዮኮ። አምስት ወር ሙሉ በንግግር ልይዝሽ አልቻልኩም።»

«ምን እያሉ ነው?»

«አጥሚቱን አምጪልኝ።»

አመጣሁላቸው። እኔ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው በሉት። ጨረሱትና ሳህኑን በማንኪያው ጫሩት። ከኦገስት ወዲህ እንደዚያ በልተው አያውቁም። ሹንሳኩ፣ በጣም ከመናደዴ የተነሣ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም።

ማግስቱን ይህንን ሰጡኝ። «ለካርዱ ነው። ሹንሳኩ ይመርምረው፣ ከዚያ ለካናሞሪ ስጪው። ሦስት መቶ። አይጥ የሌለበትን ምረጪልኝ።» ቃል በቃል ገልብጬልሃለሁ፦

«አንድ መንገደኛ በእንግዳ ማረፊያ ታሞ ተኝቷል። ሁለት ሰዎች ያስታምሙታል፤ ከየትኛው መንደር እንደሆኑ አያውቅም። በረዶ ሳይዘጋው ተራራውን ይሻገር እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል። አንድ ጥያቄ ተፈቅዶለታል። አልጠየቀም። ለምን? መልሱ እንደ ወትሮው በሚቀጥለው ዓመት ካርድ ላይ ይወጣል።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንደ ወትሮው አድርገው ነው የጻፉት፤ እጃቸው እንኳ አልተዛነፈም።

በል አሁን ፍታው። ካርዱን ካዘዝኩ፣ ዋሸኋቸው፤ የማይልኩትን ካርድ አሳተምኩ። ካላዘዝኩ፣ ነገርኳቸው። መሃል የሚባል ነገር የለም፤ የአጥሚት መንደር እንኳ ተዘግቶብኛል። መቼም ይህን ያህል ዓመት የተማርከው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?

ሚዮኮ

———

ኡትሬክት፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1983

ለተከበርሽው እህቴ ለሚዮኮ፣

ለአንቺም ለአጎቴም ሰላምና ብርታት እመኛለሁ። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ፤ ጊዜ ስለሌለን መልሴን አስቀድማለሁ።

ካርዱን እዘዢ። ሦስት መቶ፣ አይጥ የሌለበት። ይህን ደብዳቤ እንዳነበብሽ ለአቶ ካናሞሪ ደውዪላቸው።

ምክንያቱን ትጠይቂያለሽ። ዋሸሁ ማለት የሚቻለው የሚሰማው ሰው እንዲያምን የተባለ ነገር ሲኖር ነው። አጎቴ ካርዱ ይላካል ብለው አያምኑም። የማያምኑትን ነገር እንድታደርጊ የጠየቁሽ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ማንን ነው የምትዋሺው? አምስት ወር ሙሉ የሠራሽው ውሸት ነበር፤ አላማረርኩብሽም ማለት አልችልም፤ አማርሬብሻለሁ። ይህ ግን ውሸት አይደለም። አጎቴ ማወቃቸውን ሳይናገሩ ነግረውሻል። መልሱን አንቺም ሳትናገሪ እንድትሰጫቸው ካርዱን ሰጡሽ። ይህን ለማየት የአመክንዮ መምህር የሚያስፈልግ አይመስለኝም ነበር፤ ነገር ግን እኔም ያየሁት ደብዳቤሽን አራተኛ ጊዜ ሳነብ ስለሆነ ብዙ አልናገርም።

ስለ እንቆቅልሹ፣ የሁልጊዜ ሥራዬን ሠርቻለሁ። አንደኛ፣ ሁለቱ አስታማሚዎች ሁለቱም ከአንድ መንደር ሊሆኑ ይችሉ እንደሆነ አልተገለጸም። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ያልጠየቀበት ምክንያት ከተሰጠው ነገር ብቻ ሊወጣ አይችልም። ሌላ ሰው የጻፈው ቢሆን በቀይ ቀለም እመልስለት ነበር። ለአጎቴ የጻፍኩት እነሆ፤ ስጪልኝ፦

«እንቆቅልሽዎን መርምሬአለሁ። በደንቡ መሠረት ሁለት ጉድለት አለበት። አንዱንም አላረምኩም። መልሱን አግኝቼዋለሁ፤ እንደ ልማዳችን እስከሚቀጥለው ዓመት አልናገረውም።»

ከዚህ ውስጥ እውነት ያልሆነ ነገር የለም፤ ሦስት ጊዜ አጣርቻለሁ።

ትምህርት ዲሴምበር 22 ይዘጋል፤ ለ23 የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ። ከእንግዲህ መምጣቴ የሚነግራቸው አዲስ ነገር ስለሌለ አትምጣ ልትዪኝ አትችዪም።

ሹንሳኩ

———

ሂሚ፣ ጃንዋሪ 22 ቀን 1984

ለወንድሜ ለሹንሳኩ፣

በዚህ የብርድ ወቅት ጤናህን እንድትጠብቅ እመኛለሁ። እኛ ጋ በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል። በስልክ የነገርኩህ የሚነገረውን ያህል ነው፤ ከሩቅ አገር ሲደወል ደግሞ ሁሉም ሰው ይጮኻል። ስለዚህ ያልነገርኩህን ልጻፍልህ። «ለቀብሩ አትደርስም፣ ለአርባ ዘጠነኛው ቀን መታሰቢያ ና» ያልኩህም ጨክኜብህ አይደለም፤ ያን ሳምንት ሌላ የማስታምመው ሰው ስላልፈለግኩ ነው።

ደብዳቤህ እንደደረሰኝ ለአቶ ካናሞሪ ደወልኩ። ያን ጊዜ ሁሉም ማተሚያ ቤት እስከ አንገቱ ሥራ ተውጦ ነበር። «ሦስት መቶ፣ አይጥ የሌለበት» ስላቸው የቀን መቁጠሪያቸውን ሲገልጡ ሰማኋቸው። ከዚያ «ለማክሰኞ አደርሳለሁ» አሉ። አደረሱም፤ ራሳቸው ተሸክመው አልጋው ድረስ አመጡት። ይህን ጊዜ ስለ ማዕበል አላወሩም። ፓኬቱን ፈትተው አንዱን ካርድ ለአባባ ሰጧቸው።

«አይጥ የለበትም» አሉ አባባ።

«የለበትም፣ መምህር።»

«ጥሩ ሥራ ነው፣ ካናሞሪ።»

«አመሰግናለሁ፣ መምህር።» ያን ብለው ሮጠው ሊወጡ ሲሉ በሩን ስተው ቁም ሣጥኑን ከፈቱት። አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ያንተን ወረቀት የሰጠኋቸው ያኔ ነው። አነበቡና «ሁለት ጉድለት ብቻ?» አሉ። «እኔ ሦስት ነበር የማውቀው። ይህ ልጅ እዚያ እየፈዘዘ ነው።» ሦስተኛው ምን እንደሆነ ብጠይቅ አልነገሩኝም። አንተ ፈልገው፤ እኔ አልችልም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየካርዱ ግርጌ ስማቸውን በብሩሽ መጻፍ ያዙ፤ እንደ ወትሮው። እኔ ቀለሙን እበጠብጣለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ ለማድረቅ እደረድራለሁ። አልጋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የጎረቤት ሕመምተኛ እግር ላይ ሳይቀር ካርድ ነበር። ነርሶቹ ተቆጡ። አንድ ከሰዓት በኋላ ብሩሹን አስቀመጡና አዩኝ።

«ሚዮኮ፣ የምትጠይቂኝ ነገር አለ?»

«የለም፣ አባባ። እርስዎስ?»

«አንድ ተፈቅዶልኝ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ይቆይልኝ» አሉና ብሩሹን መልሰው አነሱ።

ያረፉት ዲሴምበር 19 ነው፤ ቀኑን ታውቀዋለህ። ትኬትህ ለ23 እንደነበር እሳቸውም ያውቁ ነበር፤ ነግሬአቸው ነበር። «ይድረስ አይድረስ እንደሆነ ማስላት ደስ ይለዋል» አሉ። በክፋት አይደለም፤ ታውቃቸዋለህ።

አሁን ደግሞ ያለሁበትን ፈተና ስማ። ሐዘን ላይ መሆናችንን ለሰው ሳናሳውቅ ዓመቱ ስለተገለበጠ የአዲስ ዓመት ጠዋት ፖስተኛው በክር የታሰረ ሙሉ እሽግ አምጥቶ ጣለልኝ፤ ሁሉም ለአባባ፣ ሁሉም ላይ አይጥ። ለያንዳንዱ የሐዘን ምላሽ እየጻፍኩ ነው። ይህ አልበቃ ብሎ ሰዎች ይደውላሉ። «የአባትዎን ሞት ሰማን፣ እጅግ አዘንን» ይላሉ።  ከዚያ «ለመሆኑ... የአምናው መልስ ምንድን ነው?» ዓመት ሙሉ ጠብቀዋልና! የአምናው መልስ ያለው እዚያ ካርድ ጀርባ ላይ ነው፤ ካርዱ ደግሞ አልተላከም። የድሮ ተማሪያቸው የነበረ አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሦስት ጊዜ ደወለ። ሦስተኛው ላይ ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ነበር።

ከዚያ ካርዱን ገልብጬ ማንበብ እየቻልኩ አልገለበጥኩትም። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ በራሴ ሞከርኩ። የአምናውን ታስታውሳለህ፣ ሁለት ወንድማማቾች አብረው ይኖራሉ፣ ታላቁ «ሁለታችንም ከውሸታሞች መንደር ነን» ይላል። እውነተኛ ሰው ይህን ሊል አይችልም። ስለዚህ ታላቁ ውሸታም ነው። ውሸታም ከሆነ ያለው ሐሰት ነው፤ ሁለቱም ውሸታሞች አይደሉም። ስለዚህ ታናሹ እውነተኛ ነው። በዕድሜዬ የአባባን እንቆቅልሽ ስፈታ የመጀመሪያዬ ነው፤ የማሳየው ሰው ግን አልነበረም። ለባንክ ሥራ አስኪያጁ ደውዬ ነገርኩት። «ታዲያ እንዲህ ሆነው እንዴት አብረው ይኖራሉ?» አለኝ። «ይጨቃጨቃሉ» አልኩት።

ዶክተር ቶቢታ ባለፈው ሳምንት ለአባባ መታሰቢያ ዕጣን ሊያጨሱ ቤታችን መጥተው ነበር። ሲወጡ ጫማቸውን እያጠለቁ «አባትዎ ያውቁ ነበር ይሆን?» አሉኝ። እኔም «ከአጥሚት መንደር ነኝ» ልላቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ «መንገዱ ያንሸራትታል፣ ይጠንቀቁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ካርዶቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ናቸው። ስማቸው መጀመሪያዎቹ ላይ ወፍራም ነው፣ እየቆየ ቀጠነ፤ የመጨረሻዎቹ ላይ ምንም የለም። ስትመጣ አንዱን ትወስዳለህ።

አባባ አልጠየቁንም። እኛም አልነገርናቸውም። ካርዶቹንም አልላክናቸውም።

እህትህ፣
ሚዮኮ